የታችኛው መንገድ ተሸካሚዎች

ጥላ ታየኝ፣ የሙት ድምፅ ሰማሁ የሚል ሰው ሲያወራ ከሚስቁት ወገን ነኝ፣ ነበርኩ ልበል፤ እናቴ ጸሎት ቤት ስለ መናፍስት ሰምታ ስትነግረኝ እንኳ ግጥሜን እየሞነጫጨርኩ በግማሽ ጆሮ ነበር የማዳምጣት። ይህን የምነግራችሁ ላስፈራራችሁ አይደለም፣ ይዤው መኖር ስለከበደኝ ነው።

ገጠሩ አንድ ለአምስት በሚደራጅበት ሰሞን የእግር መንገድ የሚመዘግቡ ወጣቶች ሲፈለጉ፣ ብስክሌት ስላለኝ ብቻ ሶዶ ላይ ተቀጠርኩ። ሥራው ቀላል ነው፤ ጂፒኤሱን ከብስክሌቱ መሪ ጋር አስሬ እነዳለሁ፣ መሣሪያው ያለፍኩበትን በመስመር ይይዛል፣ መስመሩ ካርታ ላይ ይገባል፣ የትኛው መንገድ ለአምቡላንስ ይጠረግ የሚባለው ከዚያ ታይቶ ነው።

ከጉኑኖ ወረድ ብሎ ባለ አንድ ቀበሌ መንገድ እንዲያሳዩኝ የተመደቡት ጋሽ ዳና የሚባሉ ገበሬ ነበሩ። ገና ሲያዩኝ፣ ብስክሌት እየጋለበ ደሞዝ የሚበላ ሰው ዛሬ ገና አየሁ ብለው ሳቁብኝ፣ ግን ከኔ ይልቅ የቸኮሉት እሳቸው ነበሩ፤ ምራታቸው አማረች የመጀመሪያዋን ልትወልድ ወሯ ገብቷል፣ የላይኛው መንገድ ደግሞ በተራራው ዞሮ ሰዓታት ይፈጃል። የገዛ ሚስታቸው ድሮ ምጥ ይዟቸው በቃሬዛ ሲወሰዱ፣ እዚያው ታችኛው መንገድ ላይ፣ ወንዙን ሳይሻገሩ ነው ሕይወታቸው ያለፈው።

"ታችኛውን እስከ ወንዙ ድረስ ያዝልኝ ልጄ፣ ከዚያ ወዲያ መንገድ የለም፣ ናዳ በልቶታል" አሉኝ። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው እሳቸው ቀሩ፣ ብቻዬን ወረድኩ።

ከሰዓት በኋላ ነበር፣ ጉሙ ከገደሉ እየወጣ የእንሰቱን ቅጠል ጫፍ ብቻ አስቀርቷል። መጀመሪያ የሰማሁት ትንፋሽ ነው፤ ሸክም የከበደው ሰው ትንፋሽ፣ ግን የብዙ ሰው፣ አንድ ላይ የሚገባ አንድ ላይ የሚወጣ። ፍሬን ያዝኩ። አራት ወንዶች ቃሬዛ ተሸክመው ከኋላዬ መጡ፣ ላዩ ላይ ጋቢ የለበሰች ሴት ተኝታለች፣ ሆዷ ጉብ ብሏል፣ ራሷ ላይ አረንጓዴ ሻሽ አስራለች። በኛ አገር በሽተኛ የገጠመው መንገደኛ የያዘውን አስቀምጦ ሸክሙን በተራው ይቀበላል፣ ዝም ብሎ ማለፍ ነውር ነው፤ ብስክሌቴን ከነጂፒኤሱ ሣር ላይ አጋድሜ ትከሻዬን ሰጠሁ። እመኑኝ፣ ይከብድ ነበር፣ እንጨቱ ቆዳዬን ላጠው። ከየት ሰፈር ናችሁ ብል የመለሰልኝ የለም። ጭቃው ውስጥ ቧጭ ቧጭ የሚለው የኔ እግር ብቻ እንደሆነ የገባኝ ወንዙ ጋ ስንደርስ ነው። እዚያ አንዱ ከትከሻዬ ተቀበለኝና ተሻገሩ፣ ወደ ናዳው፣ መንገድ ወደሌለበት።

ተመልሼ ብስክሌቴን ሳነሳ፣ ጂፒኤሱ ካጋደምኩበት ሳይነቃነቅ መስመር ይዟል፣ እስከ ወንዙ፣ ከወንዙም ወዲያ፣ ከመሣሪያው ትንሽ መስኮት ጫፍ እስኪወጣ ድረስ፤ ቆሜ እያየሁት እንኳ ይረዝም ነበር።

ለጋሽ ዳና ስነግራቸው የጠየቁኝ ስለ ሻሹ ብቻ ነው። ነገርኳቸው።

"ሚስቴ አረንጓዴ ሻሽ ኖሯት አያውቅም" አሉ ቀስ ብለው።

አማረች ደጃፍ ላይ ተቀምጣ በቆሎ ትፈለፍል ነበር፣ ራሷ ላይ ያሰረችውን እኔም ያን ጊዜ ነው ያየሁት። ጀምበር ሳትጠልቅ፣ ባሏ ጓዟን ተሸክሞ፣ በላይኛው መንገድ ይዘዋት ወጡ፤ ጉኑኖ፣ ወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ የጋሽ ዳና እህት ወይዘሮ ደስታ ዘንድ፣ ከጤና ጣቢያው ብዙም ሳትርቅ እንድትሰነብት።

በማግስቱ ሶዶ ቢሮ ገብቼ መሣሪያውን ከኮምፒውተሩ ጋር ሳገናኝ መስመሩን ሙሉውን አየሁት። ወንዙን ይሻገራል፣ ናዳውን ይወጣል፣ ጉኑኖ ይገባል፣ ጤና ጣቢያውን ግን ያልፈዋል፤ የሚያልቀው ወፍጮ ቤቱ ጀርባ ነው። የጋሽ ዳና ስልክ አይሠራም። ለአለቃዬ እንኳ ሳልናገር ብስክሌቴ ላይ ወጣሁ፣ ያንን ዳገትና ቁልቁለት እንዴት እንደጨረስኩት ዛሬም አላውቅም።

ስደርስ እልልታው አልፏል። አማረች ንጋት ላይ ወንድ ልጅ ተገላግላለች፣ ሁለቱም ደህና ናቸው፣ ወይዘሮ ደስታ የቡላ ገንፎ አቀረቡልኝና ወንድማቸውን ያሙ ጀመር፤ ሰው አያምንም፣ እሷን እዚህ አድርሶ ሲያበቃ፣ ዛሬ ጠዋት እሱ ገበያ እንደወጣ አራት ሰው ልኮ ውሰዷት ይላል አሉ። ገንፎውን አስቀመጥኩ። ምን አሏቸው ብዬ ጠየቅሁ።

"ወልዳለች፣ አሁን ወዴት ልትወስዷት ነው አልኳቸዋ። ያን አቁመው ሄዱ።"

ከበሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ ቃሬዛ ተደግፏል። ይህን ስንነጋገር ጋሽ ዳና ቅቤ ገዝተው ገቡ፣ መጀመሪያ ቃሬዛውን፣ ቀጥሎ እኔን አዩ። ቅቤውን ለእህታቸው ሰጥተው ወደ ውጭ ጠቀሱኝ። ውጭ ስንወጣ እናቃጥለው አልኳቸው።

"ተው። ዕቃቸውን ሊወስዱ ይመጣሉ" አሉኝ፤ "ከደጅ ሲያጡት ወደ ውስጥ እንዳይገቡ።"

አማረች ልጇን ታቅፋ ወደ ቤቷ ከተመለሰች ቆየች። ቃሬዛው ግን እዚያው ወፍጮ ቤቱ ጀርባ እንደተደገፈ ነው፣ ሊወስደው የመጣ እስካሁን የለም።