ያለቦታው የተጻፈው ዕድሜ

ሟቹ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቷል። የራስ ቅሉ ከኋላ ደቅቆ፣ ደሙ ምንጣፉን አርሶታል። እግሩ ሥር ደም የለበሰ የእሳት ማጥፊያ ወድቋል። ቴሌቪዥኑ ላይ ሲገመግመው የነበረው የቪዲዮ ጨዋታ ግን አላቆመም፤ አንዱ ያንዱን አንገት ይቀላል። ወይ ጉድ! እውነተኛው ሬሳ ዝም ሲል የውሸቱ ይጮሃል።

ሰውየው ጨዋታዎች ለስንት ዓመት ልጅ እንደሚፈቀዱ በሚወስን መሥሪያ ቤት አንጋፋ ገምጋሚ ነበር። ሬሳውን ያገኘችው ባልደረባው በካቴና ታስራለች። ቀሚሷ በደም ተለውሷል፤ ትናንትም ሲጨቃጨቁ ተሰምቷል።

«ላነሳቸው ብዬ እኮ ነው! እንደ አባቴ የማያቸውን ጋሼን እኔ ልግደል?» አለች እየተንሰቀሰቀች። «ልጄንስ ማን ያሳድግልኛል?»

መርማሪዋ ነገረ ሥራዋ ቀስ ያለ፣ ዓይኗ ግን ምንም የማያመልጠው ሴት ናት። ከሟቹ ክንድ ሥር ቅጹን ሳበች። «ደቂቃ 40፦ ሕፃን ታረደ» ይላል። ከታች፣ «የተፈቀደ ዕድሜ» በሚለው ሣጥን፣ 12 ተጽፏል።

ጠዋት ሕንፃው ውስጥ የነበሩትን ሁለት ሰዎች፣ የመሥሪያ ቤቱን ኃላፊና የጨዋታውን አስመጪ፣ እዚያው አስጠራች።

«ምን ያከራክራል?» አለ አስመጪው ኮቱን እየቆለፈ። «ነፍሱን ይማረውና፣ ፈቅዶልኝ ነው የሞተው። ገዳይዋም ይችውና!»

«ትናንት በምን ተጣላችሁ?» ስትል መርማሪዋ ታሳሪዋን ጠየቀች።

«ለስንት ዓመት ይመስልዎታል ብዬ ጠየቅኋቸው። ጮኹብኝ።»

«ክልክል ነዋ!» አለ ኃላፊው። «የመጀመሪያው ገምጋሚ ያየውን ብቻ ይመዘግባል፤ የዕድሜውን ሣጥን ባዶ ይተዋል። ዕድሜ የምትወስነው ሁለተኛዋ ገምጋሚ፣ እሷ ናት፤ ለብቻዋ ተጫውታ፣ በራሷ ቅጽ። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

መርማሪዋ ወደ አስመጪው ዞረች።

«እንግዲህ ይህን 12 ሟቹ አልጻፈውም። ኃላፊውም አይጽፉትም፤ የገዛ ደንባቸው ነው። እሷ ብትፈልግ ደግሞ በራሷ ቅጽ ያሻትን ትሞላ ነበር፤ ምን አስገደላት? እርስዎ ግን የሚያዩት ያለቀለትን ምስክር ወረቀት ብቻ ነው፤ ደንቡን አያውቁም። ሣጥኑ ባዶ ሲሆን ሟቹ ሳይሞላው የቀረ መሰለዎት። እስቲ ኮትዎን ይክፈቱት።»

አስመጪው ተወርውሮ ጉሮሮዋን አነቀ። ፖሊሶቹ በዱላ ጉልበቱን ብለው መሬት አስተኙት። ኮቱ ሲገለጥ ሸሚዙ በደም ተረጭቷል።

«ማሸጊያው ላይ 12 ብዬ አሳትሜዋለሁ!» አለ እያቃሰተ። «ለምኜው እምቢ አለኝ! ጨዋታ እኮ ነው!»

ካቴናው ከሴትየዋ እጅ ወልቆ ለሱ ገባ። እሷ የተላጠ አንጓዋን እያሸች አጠገቡ ቆመች።

«ልጅ አለህ?»

«አንድ። አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው።»

«ይጫወተዋል?»

«እኔ አብጃለሁ እንዴ?» አለ አስመጪው።