ሁለቴ የተሳበ ገመድ

«ቴርሞክላይን» የሚለው ቃል አርታኢዋን እንቅልፍ ነስቷታል። መሥሪያ ቤቷ የውሃ ሳይንስ መዝገበ ቃላት እያዘጋጀ ነው። ከሌሎቹ ቃላት ጋር በሰላም ተለያይታለች፤ ይሄ ግን እንደ አስቸጋሪ እንግዳ ጠረጴዛዋ ላይ ተዘርፍጦ አልነሣም ብሏል። ትርጉሙን ታውቀዋለች፤ በሐይቅ ወይም በባሕር ውስጥ ከላይ ያለው ሞቃት ውሃ አልቆ ቀዝቃዛው በድንገት የሚጀምርበት ንጣፍ ነው። ያስቸገራት ስም ማውጣቱ ነው። «ሙቀት ለዋጭ» ብላ ብታቀርብ አለቃዋ ከት ብለው ሳቁ።

«ልጄ፣ ይሄማ የመኪና ራዲያተር ነው!»

በማግስቱ በንዴት ብድግ ብላ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ግድብ ሄደች። እዚያ ከውሃው ሥር ወርደው የከተማውን ቧንቧ የሚያጸዱ ጠላቂዎች አሉ። እነሱ ካላወቁ ማን ያውቃል?

እንደ ደረሰች አንዱ ጠላቂ ከውሃው ወጣ። ጭንብሉን ሲያወልቀው ግንባሩ ላይ ቀይ መስመር ቀርቷል፤ ከጸጉሩ ውሃ ይንጠባጠባል። ቀና ብሎ አያት። እሷ ጥያቄዋን ረሳች፣ እሱ ፎጣውን ረሳ፤ ሁለቱም የረሱትን እስኪያስታውሱ ትንሽ ቆዩ።

«ቴርሞክላይን?» አለ በመጨረሻ። «ትከሻሽ በጋ ላይ እያለ እግርሽ ክረምት ይገባል፣ እሱ ነው። ውሃው ራሱ በጠራራ ፀሐይ አስፋልት ላይ እንዳለው አየር ይርገበገባል። እኛ ደጃፍ ነው የምንለው። የብርድ ደጃፍ።»

«ደጃፍ!»

«አዎ። እዚያ ስንደርስ ገመዱን ሁለቴ እንስባለን። ከዚያ በታች እጅ ስለሚደነዝዝ ላይ ያለው ሰው ማወቅ አለበት። ደህና ነህ ወይ ሊለን ሲፈልግ ደግሞ አንዴ ይስባል፣ እኛም አንዴ ስበን ደህና ነኝ እንላለን።»

ልቧ በደስታ ዘለለ። ለቃሉ ይሁን ለሰውየው ግን እርግጠኛ አልነበረችም።

በመዝገበ ቃላቱ ከእያንዳንዱ ቃል ሥር የአጠቃቀም ምሳሌ ይገባል። «ጠላቂው የብርድ ደጃፍ ላይ ሲደርስ ገመዱን ሁለቴ ሳበ» ብላ ጻፈች። አለቃዋ አነበቡትና በመነጽራቸው ላይ አሻግረው አይዋት።

«ቃሉ ገብቶኛል። ጠላቂው ማነው?»

ፊቷ ቲማቲም መሰለ።

ከዚያ በኋላ «ማጣሪያ» የሚለውን ልትጠይቅ ግድቡ ድረስ ሄደች። ቀጥላ «ጭቃ» የሚለውን። ገመድ ያዡ፣ በግዝፈቱ የተነሣ «መልህቅ» የሚሉት ሰውዬ፣ ነገሩ ገብቶታል። «ነገ ደግሞ ውሃ ምንድን ነው ብላ ትመጣለች» አለ፤ እውነትም መጣች።

ክረምቱ ሳይገባ እንጋባ ተባባሉ። የቀረው እናቷን ማሳመን ብቻ ነበር፤ ያውም «ብቻ» ከተባለ።

እናቷ ልብስ ሰፊ ናቸው። የሰፈሩን ሙሽሮች ሱፍ ሁሉ የሰፉት እሳቸው ናቸው፤ ሜትራቸው ከአንገታቸው ወርዶ አያውቅም። የልጁን ሥራ ሲሰሙ መቀሱን አስቀመጡ።

«ለዓሣ ሱፍ አልሰፋም።»

«እማዬ፣ ሳታይው?»

«አባትሽ መኪናውን አስነሥቶ ሲወጣ ደረሰ፣ አልደረሰ፣ የት አደረ ሳልል ያደርኩበት ቀን የለም። አንድ ቀን ወጣ፣ ቀረ። ደህና ነህ ወይ የምልበት መንገድ አልነበረኝም። በዚህ ቤት ባሏን ስትጠብቅ የምታድር ሌላ ሴት አልፈልግም።»

ልጅቷ አለቀሰች። ያለ እናቷ ምርቃት አታገባም፤ እሱም በግድ አይወስዳትም። «ልተወው እንዴ ሥራውን?» ሲላት ግን ብልጭ አለባት።

«ብትተወው እኔም እተውሃለሁ! ዝም ብለህ ጠብቅ።»

እናቷን እጃቸውን ይዛ ግድቡ ድረስ ወሰደቻቸው። «ቁርጤን ላውቅ ነው የምሄደው» እያሉ፣ መንገዱን ሙሉ እያጉረመረሙ ሄዱ።

ጠላቂው ጎንበስ ብሎ ሰላም አላቸውና ወደ ውሃው ገባ። መልህቅ ገመዱን ከፊት አስያዛቸው፤ እሱ ከኋላ ጠበቅ አድርጎ ይዟል። «አንዴ ይሳቡት፣ እናቴ። ደህና ነህ ወይ ማለት ነው።»

በጥርጣሬ ሳቡ። ከሥር አንዴ ተሳበ።

«መለሰልኝ!» ብለው ጮኹ። ወዲያው ደገሙት። መለሰ። ሰለሱት። መለሰ።

«እናቴ፣ ሰውየው ሥራ ላይ ነው» አለ መልህቅ።

በዚህ ጊዜ ገመዱ ሁለቴ ተሳበ። የሴትየዋ ፊት አመድ መሰለ። «ሁለት ነው! ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነም፣ እማዬ» አለች ልጃቸው። «የብርድ ደጃፍ ላይ ደርሷል። ከዚያ በታች ውሃው በረዶ ነው።»

«በረዶ? ታዲያ ምን ለብሶ ነው የወረደው?»

«ያየሽውን ጥቁር ልብስ።»

«ያ ስስ ነገር? ክርኑ የተበላው? አዬ!»

ገመዱ ወደ ታች ተንሸራቶ ቆመ። እናት ሳቡ። መልስ የለም። መልህቅ እንኳ ቀልዱን ተወ። እናት ዓይናቸውን ጨፍነው እንደገና ሳቡ። ከዚያ ረጋ ብሎ አንድ ጊዜ መለሰ።

እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። «አባትሽ እንዲህ ያለ ገመድ ቢኖረው ኖሮ» አሉ። ገመዱንም ልጁ እስኪወጣ አልለቀቁም።

ጠላቂው ብቅ ሲል ገና ጭንብሉን ሳያወልቅ ደረሱበት።

«ስጠራህ ለምን አትመልስም? ጆሮህ አይሰማም?»

«ይቅርታ፣ እናቴ፤ ሁለቱም እጄ ማጣሪያው ውስጥ ነበር።»

«ለምን ሁለቱም! አንዱን ለኔ ትተዋለህ!»

ልጅቷ አፏን በእጇ ያዘች። እናቷ እንዲህ ብለው የሚቆጡት የገዛ ልጃቸውን ብቻ ነው፤ እሷ ዕድሜዋን ሙሉ ስትሰማው ኖራለች።

ሴትየዋ ሜትሩን ከአንገታቸው አውርደው የልጁን ትከሻ መለካት ጀመሩ። ገመዱ አሁንም ግራ እጃቸው ላይ ተጠምጥሟል።

«ለውሃው ነው?» አለ ጠላቂው በፍርሃት።

«ለውሃው ገበር እሠራለሁ። ለሠርጉ ሱፍ።» ከዚያ ኮስተር አሉ። «ቀጥ ብለህ ቁም እንጂ! ደግሞ አትንጠባጠብብኝ።»