የማትንቀሳቀሰው ነጥብ

ይህ ታሪክ ከሀ እስከ ፐ እውነት ነው፤ አንዲት ውሸት ከተገኘችበት ምላሴ ይቆረጥ።

ራዳር መጀመሪያ የሰማችው የፈታኙን ድምፅ ነው። ሰልጣኙን ከበረራ ማስመሰያው ክፍል ይዞት ወጥቶ፣ «ባዶ ሰማይ ላይ ከምን ነበር የምትሸሸው?» ይለዋል።

ራዳር የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ናት፤ ስሙ የወጣላት የሰፈሩ ወሬ አንድም ስለማያመልጣት ነው። ትምህርት ቤት ስለተዘጋ እናቷ ሥራ ቦታ ይዛት መጥታለች። እናትየው የማስመሰያውን ምስል የምታስተካክል ባለሙያ ናት። ማስመሰያው ከመሬት የማይነሳ የአውሮፕላን አፍንጫ ነው፤ ፊት ለፊቱ ጎበጥ ያለ ነጭ ስክሪን፣ ከላይ ሰማዩን የሚያፈሱ ፕሮጀክተሮች አሉት። ምስሉ ከመጥራቱ የተነሳ፣ ዝናብ ሲያሳዩት ጃንጥላ የዘረጋ ሰልጣኝ አለ ይባላል።

ጠዋት እናቷ ሰማዩን ለፈተናው አጥርታ፣ ስክሪኑን እንዳትነካ አስጠንቅቃት ወጣች። ራዳር ድንች ጥብስ እየበላች ነበር። ደመናው ይለሰልስ እንደሆነ ልየው ብላ አውራ ጣቷን ለጠፈችበት። ጠቆር ያለች ነጥብ ቀረች። ማን ያያታል አለችና ውልቅ አለች።

ሰልጣኙ ነጥቧን አያት። አብራሪዎች አንድ ትምህርት አላቸው፦ መስኮትህ ላይ ወዲያ ወዲህ የማትል ነጥብ ካየህ፣ ቀጥታ ወዳንተ የምትመጣ አውሮፕላን ናትና ሽሽ። ሸሸ። ወደ ግራ ታጠፈ፤ ነጥቧ አለች። ወደ ቀኝ ታጠፈ፤ አለች። ቁልቁል ወረደ፤ አብራው ወረደች። የድንች ቅባት እያሳደደው መሬት ሊገባ ምንም አልቀረውም። ፈታኙ ግን የሚከታተለው በራሱ ኮምፒውተር ነው፤ እዚያ ላይ ሰማዩ ንጹሕ ነበር።

የሰልጣኙ ሸሚዝ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። አውሮፕላን አየሁ በማለቱ፣ ተራቸውን የሚጠብቁት ጓደኞቹ ጠበል ይወሰድ እያሉ ይስቁበታል። ፈታኙ ቅጹን አወጣ፤ «ወድቋል» ተብሎ ከተጻፈ ልጁ በማግስቱ ሻንጣውን ይዞ ወደ ቤቱ ነው። የራዳር እናት ምናልባት የምስሉ ችግር ይሆናል፣ ተጠያቂዋም እኔ ነኝ ብትል፣ ፈታኙ ሰበብ አትፈልጉለት ብሎ ዘጋት።

ራዳር እስከ ጆሮዋ ጋለች። ሾልካ ማስመሰያው ክፍል ገባች። ኪሷ ውስጥ ሶፍት አለ፤ አንዴ ጠረግ ብታደርገው ማንም አያውቅም። ሶፍቱን ወደ ነጥቧ አስጠጋች። ያኔ የሰልጣኙን ድምፅ ሰማች፤ እናቷን ነው የሚያናግረው።

«ይተዉት እትዬ፣ በእርስዎ አይሁን። ዓይኔ ይሆናል።»

ሶፍቱን ጨምድዳ ኪሷ ከተተችው። ወጥታም ፈታኙ ፊት ቆመች፤ እናቷን ማየት ግን አልቻለችም።

«ጋሼ፣ ሳይጽፉ አንዴ ይግቡ። አውሮፕላኗን የሠራኋት እኔ ነኝ።»

እንግዲህ አንድ ነገር ከራሴ ጨምሬያለሁ። «ሳይጽፉ» አላለችም። ስክሪኑ ጀርባ ፈርታ ቁጢጥ ብላ ብዙ ቆይታ ስለነበር፣ ስትወጣ ፈታኙ ጽፎ ፈርሟል። ያለችው «ይሰርዙት» ነው።