የጠፋው ኮቴ

ዘቢደር ጠዋት ጠዋት ከቁርሷ በፊት መሬት ታዳምጣለች። ሥራዋ ነው። ከይፋት ገደል ግርጌ እስከ ወንዙ ዳር በተዘረጋው የማሽላ እርሻ ውስጥ የባቄላ ፍሬ የሚያክሉ የመሬት ጆሮዎች ተቀብረዋል። የሰሙትን ኮቴና ድምፅ ሁሉ «እማኝ» ለተባለው ማሽን ያደርሳሉ፤ እማኝ ደግሞ ኮቴውን ለይቶ ስለ አውሬዎቹ ይመሰክራል። የጃርትን አረማመድ ከከርከሮ፣ የእርጉዟን ሚዳቋ ካላረገዘችው ይለያል። ዘቢደር ምግብ ከመቅመሷ በፊት ማን የት እንዳደረ፣ ማን ማንን ሲያሳድድ እንዳመሸ ታውቃለች፤ በዚህ በኩል የሰፈር ሐሜተኛ እንኳ አይስተካከላትም።

መሬቱ የገበሬዎቹ ነው እንጂ ፓርክ አይደለም። እያንዳንዱ ባለመሬት ከማሳው ጠርዝ ጥቂት ሳያርስ ይተዋል፤ ይህ ቁራጭ «የአውሬ ድርሻ» ይባላል። የአንዱ ድርሻ ከሌላው እየተቀጣጠለ ድኩላዎች ከገደሉ ሥር ተነሥተው ወንዝ የሚወርዱበት መንገድ ይሆናል። በምላሹ ዘቢደር የምትሠራበት የአውሬ ጥበቃ ማኅበር ሰው አልባ ማሽኖች ይሰጣቸዋል፤ ማሽኖቹ ያርሳሉ፣ ያርማሉ፣ ከዝንጀሮና ከወፍም ይጠብቃሉ። ዘቢደር ይህን ውል ቤት ለቤት እየዞረች፣ ደጅ እየጠናች፣ የስንቱን ግልምጫ ችላ ያዋዋለች ሴት ናት። በዕድሜሽ ምን ሠራሽ ብትባል የምታሳየው ይህንኑ መንገድ ነበር።

አሁን መንገዱ ባዶ ሆኗል። ሣሩ ለምልሟል፣ ውኃው አለ፣ ቁጥቋጦው ተጠቅጥቋል፤ ድኩላ ግን ድራሹ የለም። ዘቢደር የጨው ድንጋይ አስቀመጠች፣ የሚወዱትን ቅጠል አስተከለች፤ ጠብ የሚል ነገር ጠፋ። በውሉ መሠረት እስከ ማሽላው አጨዳ አንድም የድኩላ ኮቴ ካልተሰማ ባለመሬቶቹ ድርሻቸውን መልሰው ማረስ ይችላሉ። አጨዳው ተቃርቧል። ቀድመው የጠየቁት ደግሞ አያ እንድሪስ ይመር ናቸው። የእሳቸው ድርሻ የመንገዱ አንገት ነው፤ እሱ ከታረሰ ላዩና ታቹ ይቆረጣል፣ ጎረቤቶቹም ተከትለው ማረሳቸው አይቀርም።

አያ እንድሪስ ድርሻቸውን ሊያዩ ከሚመጡበት ዕለት በፊት በነበረው ጠዋት እማኝ የማይሆን ነገር አወራ። የጠፋ እንስሳ አገኘሁ አለ። ከውሉ በፊት በተቀዱት የድሮ ቅጂዎቹ ውስጥ አንድ ትልቅ፣ ባለ ሁለት እግር፣ ቀኝ እግሩን የሚጎትት ፍጡር በየምሽቱ በአያ እንድሪስ ድርሻ ጠርዝ ሲዘዋወር እንደነበር፣ ድምፁም እጅግ ከፍተኛ እንደነበር ተናገረ። እሱ ባለፈበት ሁሉ ድኩላዎች በዝግታ ወርደው ይግጡ ነበር። እሱ ከጠፋ ወዲህ ነብሮች ከገደሉ ወርደው ድርሻውን ያዙት፤ ድኩላዎቹም ሸሹ። «ይህን እንስሳ መልሱት» ብሎ ምክሩን ደመደመ።

ዘቢደር ግራ ገባት። ሰጎን እንዳትል በይፋት ገደል ሰጎን አልተሰማም፤ ዝንጀሮ እንዳትል ዝንጀሮ በሁለት እግሩ ሲሄድ አያመሽም። ለጥገና ባለሙያው ደወለች። እሱም ማታ አዲስ ማሻሻያ እንደጫነበት፣ ከማጣሪያዎቹ አንዱ ሳይወልቅ እንዳልቀረ ነግሯት ሰሞኑን መጥቼ አስተካክላለሁ አለ። የትኛው ማጣሪያ እንደሆነ አልጠየቀችውም። ተስፋ ስትቆርጥ ማሽኑ እንኳ አብሯት የቀወሰ መሰላትና ዕንባዋ መጣ።

አያ እንድሪስ በማግስቱ ሮቢት ከተማ ከሚኖሩበት ከልጃቸው ቤት በመኪና መጡ። ማሽኖቹ እርሻውን ከተረከቡ ወዲህ መሬታቸውን ረግጠውት አያውቁም፤ በልጃቸው መስኮት ሥር ተቀምጠው የመንገደኛ ጫማ ሲያዩ ይውሉ ነበር። ፈገግተኛ ሽማግሌ ናቸው፤ ክፋትም የላቸውም። ለማይመጣ እንግዳ ቤት ባዶ ማሳደር ሞኝነት ነው ብለው ብቻ ነው። ከአጨዳው በኋላ የሚረከቡትን ድርሻ ልታሳያቸው ዘቢደር አብራቸው ወደ ማሳው ጠርዝ ዘለቀች።

ገና ጥቂት እንደተራመዱ፣ ጆሮዋ ላይ በሰካችው ማዳመጫ የእማኝ ድምፅ መጣ።

«የጠፋው እንስሳ ተመልሷል።»

ዘቢደር ቆመች። ዙሪያዋን አየች፤ ከማሽላው በቀር ምንም የለም። ከዚያ አያ እንድሪስን አየቻቸው። ቀኝ እግራቸውን እየጎተቱ ከፊቷ ይሄዱ ነበር።

የትኛው ማጣሪያ እንደወለቀ አሁን ገባት። መሐንዲሶቹ እማኝን ሲሠሩት የሰውን ኮቴና ድምፅ እንደ ጫጫታ ቆጥሮ እንዳይሰማ አስተምረውት ነበር፤ ስለ አውሬ ለሚመሰክር ማሽን ሰው ምን ያደርግለታል? ማጣሪያው ሲነሣ ሰው ከነኮቴው ብቅ አለ፤ እማኝ ደግሞ ሰው የሚባል እንስሳ አያውቅም።

እግራቸውን ምን እንዳገኘው ጠየቀቻቸው። በጉብዝናቸው ወራት ማሽላ ሲጠብቁ ከማማ ወድቀው ነው። ማማው እዚሁ ጠርዝ ላይ ነበር፤ አመሻሽ ላይ ወጥተው እስኪደክማቸው ይጮሁ፣ ይሳደቡ፣ በወንጭፍ ድንጋይ ይወረውሩ ነበር። ከዚያ ውሉ መጣና ማማው ፈረሰ። «በድርሻው አጠገብ የሰው ድምፅና ኮቴ እንዳይኖር» የሚለውን አንቀጽ የጻፈችው ዘቢደር ራሷ ናት፤ ስትጽፈውም ኮርታበት ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው።

የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው። ነብር ሰውን ስለሚፈራ እሳቸው ባሉበት ድርሽ እንደማይል፣ ድኩላዎቹም ይህን አውቀው በእሳቸው ጩኸት ጥላ ሥር ይኖሩ እንደነበር አስረዳቻቸው። አያ እንድሪስ መጀመሪያ የምትቀልድባቸው መሰላቸው።

«እኔ?» አሉ። «እኔ እኮ ጥርግ ብለው ይጥፉልኝ ብዬ ዱዓ ሳደርግ የኖርኩ ሰው ነኝ።»

«ነብሩ ግን ዱዓዎን አልሰማም፤ የሰማው ጩኸትዎን ነው» አለቻቸው።

ሽማግሌው ሣሩን አዩና ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሣቁ።

«ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል ብለው ነዋ» አሉ። ሣቁ ሲያልፍ ፊታቸው ተለወጠ። «ከዚህ ስሄድ የሚፈልገኝ ፍጡር ያለ አልመሰለኝም ነበር፣ ልጄ።»

ዘቢደር ይቅርታ ልትላቸው ፈለገች። እሳቸው ግን ቀድመው ቅድመ ሁኔታቸውን አስቀመጡ፦ ማስመሰል አይሆንላቸውም፤ ድኩላዎቹ ማሽላቸውን ከነኩ እንደ ድሮው ይሳደባሉ፣ እንደ ድሮው ይወረውራሉ። ዘቢደር የአውሬ ጠበቃ ሆና ሳለ እሺ አለች።

ልጃቸው እየተነጫነጨች ፍራሽና ብርድ ልብስ ላከች። ማማው በአዳዲስ አጣናዎች ቆመ። ዘቢደር ማጣሪያው እንደወለቀ እንዲቆይ ለጥገና ባለሙያው ነገረችው፤ የውሉንም አንቀጽ ሠርዛ ለባለመሬቶቹ አሳወቀች፤ እነሱም እስከ አጨዳው እናያለን ከማለት በቀር ምንም አልጨመሩም። አያ እንድሪስ በየምሽቱ እየወጡ ጮኹ። ማንም አልመጣም። የአጨዳ ማሽኖቹ ከማሳው ዳር ተሰልፈው ሲቆሙ ዘቢደር ልቧ ከዳት፤ በነጋው ሥራ ይጀምራሉ።

በዚያ የመጨረሻ ምሽት ፀሐይ ከገደሉ ጀርባ ስትጠልቅ ሁለቱም ማማው ላይ ነበሩ። እማኝ በጆሮዋ ሹክ አላት። አንዲት ድኩላ ከግልገሏ ጋር ከገደሉ ሥር ወጥታ የመንገዱ አንገት መግቢያ ላይ ቆማለች። ከበስተግራ ደግሞ ነብር፤ በልቡ እየተሳበ ይመጣል። ዘቢደር በምልክት ነገረቻቸው። አያ እንድሪስ አፋቸውን ከፈቱ፤ ከሳል በቀር አልወጣም። የስንት ምሽት ጩኸት ድምፃቸውን በልቶት ነበር። እንደገና ሞከሩ፤ አሁንም የለም።

«አንቺ ጩኺ» አሏት በተዘጋ ድምፅ።

«ምን ልበል?»

«የፈለግሽውን። ብቻ ሰው እንዳለ ይስሙ።»

ዘቢደር ዕድሜዋን ሙሉ ሣር ሳትሰብር መራመድ የተማረች፣ ሰውንም ያስተማረች ናት። ከሰው የሚበልጠው ዱካ የማይተወው ነው ብላ ታምን ነበር። ተነሥታ የማማውን ወጋግራ ያዘች። የመጀመሪያው ድምፅ ከጉሮሮዋ ሳይወጣ ቀረ። ሁለተኛው ቀጭን ሆነ፤ ነብሩ አልቆመም። ያን ጊዜ ፍርሃትም እልህም ተባብረው ገፏት።

«አለሁ!» ብላ ጮኸች። «እዚህ አለሁ! አለሁ!»

ገደሉ ተቀብሎ መለሰላት። እግሯ ሳይታወቃት ርብራቡን ይደልቅ ነበር።

ነብሩ ዞረ። ኮቴው ወደ ላይ ወደ ገደሉ ሲርቅ እማኝ ዘገበላት። ቀጥሎ የድኩላዋን ኮቴ፣ ከኋላዋም ትንሹን ኮቴ እየቆጠረ ነገራት፤ ወደፊት፣ ወደ ድርሻው። መንገዱ ለሚቀጥለው ዓመት ተረፈ። ዘቢደር ተቀመጠች።

«አዲስ እንስሳ ሰምቻለሁ» አላት እማኝ። «ስሙን ማን ልበል?»

«ሰው በለው» አለችው። «ከድርሻው ነዋሪዎች ጋር መዝግበው።»

ከታች ማሽላው ተንኮሻኮሸ። ድኩላዋ ያን ሁሉ ሣር ትታ ልጇን አስከትላ ከአያ እንድሪስ እርሻ ገብታ ማሽላውን መቀርጠፍ ጀምራለች። ሽማግሌው ድምፅ አልባ ስድባቸውን እያወረዱ ወንጭፋቸውን አነሡ። አያ እንድሪስ በዕድሜያቸው አንድ ድኩላ መትተው አያውቁም፤ ቢሆንም ንዴታቸው የእውነት ነበር።

ዘቢደር ጎንበስ አለችና ድንጋይ አቀበለቻቸው።