መብራት ያልጠፋባቸው ቤቶች

ንጉሡ የምሳ ደወል ሳይደወል ወደቀ። ባንዲራው ከቀይ ወደ ሰማያዊ ተቀየረ፣ ዙፋኑ በነበረበት ቦታ ክብ ጠረጴዛ በቀለ፣ ከላፕቶፑም ሕዝብ ሆ ሲል ተሰማ። ሕዝብ የተባለው ቱርቦ ነው፤ ማሚቶ እንዲኖረው ብሎ የትምህርት ቤቱ መታጠቢያ ክፍል ገብቶ፣ ብቻውን እየጮኸ በስልክ የቀዳው ድምፅ ነበር። እንዲያም ሆኖ አንድ ክፍለ ጦር የሚያስፈረጥጥ ጩኸት ነው።

«ሠራ» አለ ቱርቦ ከወንበሩ ሳይነሳ እየጨፈረ። «አብዮቱ ሠራ። አዋጅ፣ አንቺ ሊቅ ነሽ፤ እኔ ደግሞ ካንቺ እበልጣለሁ።»

ቱርቦ ለምን ቱርቦ እንደተባለ ለማወቅ አንዴ ሲናገር መስማት ይበቃል፤ ሰው የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ሳይውጥ እሱ አራተኛው ላይ ደርሷል። ኮድ ሲጽፍ ደግሞ ከኪቦርዱ ጭስ የሚወጣ ይመስላል። እሷን አዋጅ ያሏት ገና ጥርሷን ሳትነቅል ነው። ድብብቆሽ እንኳ ያለ መመሪያ አትጫወትም ነበር፤ የት መደበቅ እንደሚቻል፣ ማን ስንት ጊዜ ማጭበርበር እንደሚፈቀድለት ሳይቀር ትደነግጋለች። ስለዚህ ሁለቱ የኢምፓየር ጌም እንሥራ ሲሉ ሥራው ራሱን በራሱ ተከፋፈለ። ሕጉ የእሷ፣ ኮዱ የእሱ።

እና ሕግ አወጣች። ተጫዋቹ ከአንዲት መንደር ተነስቶ ከተማ ይገነባል፣ ከተማውን አስፍቶ ባሕር ያሻግረዋል። ግብር ሲጨምር ወርቅ ይገባል፣ ማጉረምረምም ይነሳል። ዳቦ ማጉረምረምን ይቀንሳል። ወታደር ግን አይቀንስም፤ ይደብቀዋል እንጂ፤ ተጫዋቹ ጸጥ ያለ ከተማ እየመሰለው ማጉረምረሙ ከሥር ይሞላል። ሲሞላ ዙፋኑ ይወድቃል። ያን ጊዜ ተጫዋቹ በሸንጎ ወይም በጄኔራል ለመግዛት ይመርጣል፣ ከሕዝቡም ጥቂቱ ይቀነሳል። «ይቀነስ» ብላ የጻፈችው እሷ ናት። አብዮት ሁሉ ዋጋ አለው፣ በነጻ ከሆነ ሁሉም በየደቂቃው ያምጻል ብላ ነበር፤ ቱርቦም ተስማምቶ ቀነሰ።

አሁን ግን አዋጅ አልጨፈረችም። ስክሪኑ ላይ አይኗን ተክላለች።

ጌሙ ውስጥ ሲመሽ የየቤቱ መስኮት ቢጫ ሆኖ ይበራል፣ ሰዎቹ ሲተኙ አንድ በአንድ ይጠፋል። ከአብዮቱ በኋላ በመጣው የመጀመሪያ ምሽት ከተማው እንደ ወትሮው ተኛ። አንዳንድ ቤቶች ግን አልተኙም። ከወንዙ ወዲህ አንድ፣ ገበያው ጀርባ ጎን ለጎን ሁለት፣ ኮረብታው ላይ ደግሞ ለብቻዋ የቆመች አንዲት ትንሽ ቤት እንደበሩ ቀሩ። ጌሙ ውስጥ ነጋ፤ እንደበሩ ናቸው። ደግሞ መሸ። አዋጅ የማውሱን ቀስት ትንሿ ቤት ላይ አሳረፈች። «ነዋሪ፦ የለም» የሚል ጽሑፍ ብቅ አለ።

ቱርቦ ወዲያው ገባው። ሰዎቹ አንድ ቦታ ነው የተመዘገቡት፣ ቤቶቹ ሌላ ቦታ። እሷ ሰው ይቀነስ አለች፣ እሱ ሰው ቀነሰ፣ ለቤቶቹ የነገራቸው የለም።

«መብራቱ የሚጠፋው ሰውየው ሲተኛ ነው» አለ። «ሰውየው ስለሌለ አይተኛም። በቃ፣ ኤረር ነው። አንድ መስመር ኮድ ነው የሚፈልገው።»

አዋጅ ቀስቱን ከትንሿ ቤት ላይ አላነሳችም።

ኤረሩ ግን ቀልድ አልነበረም። በማግስቱ ጌም ሠሪው ይመጣል። ሰውየው ጌም በማውረድ ሳይሆን በመሥራት እንጀራ የሚበላ፣ የራሱ ወርክሾፕ ያለው ሰው ነው፤ ባለፈው ወር የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ቆሞ ጌም ከሚሠሩት የተማሪ ቡድኖች አንዱን ለእረፍቱ ጊዜ ወስዶ እንደሚያሠራ፣ ኤረር ያየበትን ጌም ግን ሁለቴ እንደማያይ ተናግሮ ሄዷል። ለአዋጅ ጥሩ ዕድል ነው። ለቱርቦ ግን ሌላ ዕድል የለም። ላፕቶፑ የታላቅ ወንድሙ ነው፤ ማራገቢያው ሲነሳ ጎረቤት ክፍል ያለው መምህር አውሮፕላን መስሎት ቀና የሚል አሮጌ ዕቃ ቢሆንም፣ ወንድምየው ትምህርት እንደተዘጋ ይዞት ሌላ ከተማ ሊሄድ ነው። ከዚያ በኋላ ቱርቦ ኮድ የሚጽፈው መዳፉ ላይ ነው። ከሰዓት በኋላ የአባቱ ጋራዥ ስለሚጠብቀው ላፕቶፑን ለእሷ ሰጣት፣ መስመሩንም አስጠናት፣ እንዳትረሺ ብሎ እስከ በሩ ተከተላት።

ቤት ስትደርስ አክስቷ የጎረቤት ካውያ ፈታታ ጠረጴዛውን ሞልታዋለች። አክስቷ ዕድሜዋን ሙሉ ለመብራት መሥሪያ ቤት ምሰሶ ስትወጣ የኖረች ሴት ናት። በዘመኗ ድመቶች ሳይቀሩ እሷን አይተው መውጣት ይማሩ ነበር ይባላል፤ ይባላል የምትለውም ራሷ ናት። አሁን ጡረታ ወጥታ ከወንድሟ ልጅ ከአዋጅ ጋር አንድ ክፍል ትጋራለች፣ የሰፈሩን ካውያና ምድጃም ታክማለች።

ጌሙን ስታይ ካውያውን ገፋ አደረገችና ልንገሥ አለች። ያን የመሰለ ንግሥና በዓለም ታይቶ አያውቅም። ገና ሳትቀመጥ ግብሩን ሰማይ አደረሰችው፣ በዳቦው ፋንታ ለራሷ ባለ ፏፏቴ ቤተ መንግሥት ሠራች፣ ለፈረሶቿ ሌላ ቤተ መንግሥት ጨመረች።

«ያጉረመርማሉ እኮ አክስቴ።»

«ይልመዱት። እኔ አለቆቼ ላይ ስንት ዓመት አጉረምርሜያለሁ፤ ማን ሰማኝ?»

ወታደር በወታደር ላይ ደረደረች። ከተማው ጸጥ አለ። አክስቷ ጉልበቷን እየመታች መንግሥት እንዲህ ነው ስትል ዙፋኑ ወደቀ፣ ቱርቦም ከመታጠቢያ ክፍሉ ሆ አለ። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እያበሰች ሳለ ጌሙ ውስጥ መሸ።

መነጽሯን አወለቀች፣ በቀሚሷ ጠርዝ ጠረገችው፣ መልሳ አደረገችው።

«እዚች ቤት ማን አለ?»

«ማንም የለም። አብዮቱ ላይ የተቀነሱ ናቸው። ኤረር ነው፣ አሁን አጠፋዋለሁ።»

«ተቀነሱ» አለች አክስቷ ቀስ ብላ፤ ቃሉን አፏ ውስጥ የምትቀምሰው ትመስል ነበር።

ከዚያ ማንም ሳይጠይቃት አወራች። ገና አዲስ ተቀጣሪ ሳለች መንግሥት ተለወጠ። ወዲያው ለመሥሪያ ቤቱ ትእዛዝ መጣ፤ ባዶ የቀሩ ቤቶች መብራት በከንቱ እየቆጠረ ነው፣ ይቆረጥ። ቤቶቹ ለምን ባዶ እንደቀሩ የጠየቀ የለም። አንዱ ሠራተኛ ወገቡን አመመው፣ ሌላው ሚስቱ ልትወልድ ደረሰች፣ ለአንዱም ድንገት አጎቱ ሞቱበት። እሷ ሰበብ አጣች፣ ፒንሳዋን ይዛ ወጣች። ምሰሶ ላይ የወጣ ሰው፣ ባይፈልግም፣ የሰው ቤት ውስጥ ያያል። አንድ ቤት ውስጥ ወንበር ወደ ኋላ ተገፍቶ ቆሟል፤ ኮት መደገፊያው ላይ ተሰቅሏል፤ አምፖሉ በርቷል፤ ሬዲዮውም ክፍት ነው፣ ለባዶ ክፍል ዜና ያነባል።

«የሬዲዮው ሰውዬ ንግግሩን እስኪጨርስ ልጠብቅ አልኩ» አለች አክስቷ። «ነውር መሰለኝ፣ ሰው እያወራ መቁረጥ። አለቃዬ ከታች ጮኸብኝ። ቆረጥኩት። "ከእንግዲህ ወዲህ ማንም ሰው" ብሎ ቀረ።»

«ማንም ሰው ምን?»

«አላውቅም። እስከ ዛሬ አላውቅም። አንዳንዴ እንቅልፍ ሲወስደኝ ሊጨርሰው ይመጣል፣ ከዚያ አይጨርሰውም።»

አዋጅ የማን ቤት እንደነበረ ጠየቀቻት። አክስቷ አልጠየቅሁም አለች፤ ከዚያ ካውያውን ወደ ራሷ ሳበች። «ቀላል ነበር እኮ» አለች አይኗን ሳታነሳ። «አንዴ ፒንሳውን ጨበጥ ማድረግ ነው። ከባድ ቢሆን ኖሮ ምናልባት እጠይቅ ነበር።»

አጥፊ አላለቻትም፣ አታጥፊ አላለቻትም። ብሎኗን ስታጠብቅ ቆይታ ካውያውን ለባለቤቱ ልታደርስ ወጣች።

አዋጅ ቱርቦ ያስጠናትን መስመር ጻፈች። አንድም ፊደል አልሳተችም። ኢንተር ቁልፉን መንካት ብቻ ቀራት። ከግድግዳው ማዶ የጎረቤት ሬዲዮ ያጉተመትማል፤ ምን እንደሚል አይሰማም፣ ማውራቱ ብቻ ይሰማል። ጆሮዋን ጣል አድርጋ ጠበቀች። የጠበቀችውን ስታውቅ እጇን ከኪቦርዱ አነሳች፤ ዓረፍተ ነገሩ እስኪያልቅ ነበር የምትጠብቀው።

መስመሩን አጥፍታ ሌላ መጻፍ ጀመረች። ኮድ ላይ ጉንዳን ናት፤ ቱርቦ በሁለት ትንፋሽ የሚጨርሰውን እሷ ጆንያ እንደተሸከመች ዳገት ነው የምትወጣው። እናቷ ለራት ጠርታ፣ ደግማ ጠርታ፣ በሦስተኛው ሙሉ ስሟን ስትጠራ ሕጉ አለቀ። መብራቱ የበራ ቤት ለሌላ ሰው አይሰጥም። ተጫዋቹ ቤቱን ከፈለገው ቀስቱን መስኮቱ ላይ አሳርፎ በገዛ ጣቱ ያጠፋዋል። አንድ ጣት ለአንድ መስኮት። ሞከረችው። ገበያው ጀርባ ካሉት አንዷ ጠፋች፤ አጠገቧ ያለችው ብቻዋን ቀረች። ሌላ ለመሞከር አልደፈረችም። ለራት ስትወጣም የክፍሉ ማብሪያ ማጥፊያ ላይ እጇን እንዳደረገች ትንሽ ቆመች፣ ከዚያ እንደበራ ትታው ሄደች።

ጠዋት ቱርቦ አዳራሹ ውስጥ ያደረገችውን ሲሰማ መጀመሪያ ቀልድ መሰለው። የለበሰውን ሸሚዝ እንዲህ አድርጎ ተኩሶታል፤ እጥፋቱ ዳቦ ይቆርጣል። ቀልድ አለመሆኑ ሲገባው ፊቱ ተለዋወጠ።

«ሰው ጌም የሚጫወተው ሊዝናና ነው፤ ልቅሶ ቤት ሊቀመጥ አይደለም» አለ። «ደግሞ ኤረር ይመስላል። ኤረር የሚመስል ነገር ኤረር ነው። ሰውየው ምን ያውቃል አክስትሽን?»

እሷ ደግማ ልታስረዳው ሞከረች፤ ሬዲዮውን፣ ኮቱን፣ ፒንሳውን። እሱ እየሰማ አልነበረም ማለት አይቻልም፤ ግን አይኑ በሩ ላይ ነበር። በመጨረሻ አንድ ዘዴ አመጣ። «ሰውየው ካየውና ከጠየቀ፣ ፊት ለፊቱ እንጠግነዋለን። እኔ መስመሩን እጽፋለሁ፣ አንቺ ኢንተር ትመቺያለሽ፣ ፍጥነታችንን አይቶ ይገረማል» አለ። አዋጅ እሺም እምቢም ሳትል ጌም ሠሪው በሩን ጎንበስ ብሎ ገባ።

ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ወንበሩ አነሰው፤ ማውሱ መዳፉ ውስጥ ጠፋ። ግብር ጨመረ፣ ወታደር ጨመረ፣ ባሕር ተሻገረ፤ ዙፋኑ ሲወድቅና ቱርቦ ሆ ሲል ፈገግ አለ፣ ጄኔራሉን መረጠ። አዳራሹ ውስጥ ያሉት ቡድኖች ሁሉ አንገታቸውን እንደ ሰጎን አስረዘሙ። ከዚያ መሸ። ከተማው ተኛ። የተቀነሱት ሰዎች መስኮቶች ግን እንደበሩ ቀሩ።

ሰውየው እጁን ከማውሱ አነሳ።

«ይሄ ምንድን ነው? ኤረር ነው?»

«ኤረር ነው» አለ ቱርቦ፤ «አውቀነዋል፣ አንድ መስመር ነው፣ እዚሁ እናጠፋዋለን»፤ ይህን ተናግሮ ሳይጨርስ ላፕቶፑን ስቦ፣ ጽፎ፣ ወደ አዋጅ ገፍቶት ነበር። በሕይወቱ እንደዚያ ፈጥኖ አያውቅም። «ሕግ የምታወጣው እሷ ናት። ኢንተሩን ትምታው።»

መስመሩ አጭርና የሚያምር ነበር። ሰው የሌለበትን ቤት ሁሉ በአንዴ የሚያጨልም። አዋጅ ጣቷን ኢንተር ላይ አሳረፈች። አጠገቧ ያለው ቱርቦ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ወንድሙ ላፕቶፑን በሻንጣ ይዞ ሲሄድ ታያት። ቀላል ነው። አንዴ ጫን ማድረግ ነው።

ጣቷን ወደ መሰረዣው ወሰደችና መስመሩን ፊደል በፊደል አጠፋችው።

«ትናንት ኤረር ነበር» አለች። «አሁን ሕግ ነው። የጻፍኩትም እኔ ነኝ፤ እሱ አልፈለገውም። ቤቶቹን ለሌላ ሰው መስጠት ከፈለጉ በእጅዎ ያጠፏቸዋል። አንድ በአንድ።»

ማውሱን ወደ ሰውየው መለሰችለት። ቱርቦ ኪሱን እንዳወለቁት ሰው አያት፤ ከዚያ ወንበሩን ሳብ አድርጎ አጠገቧ ተቀመጠ።

ሰውየው ቀስቱን ወደ ኮረብታው ወሰደና ትንሿ ቤት ላይ አሳረፈው። «ነዋሪ፦ የለም» አለው ስክሪኑ። ጣቱ ማውሱ ላይ እንዳለ ቀረ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ የሆነ ነገር እንድትለው የሚጠብቅ መስሎ፣ ልጅቷን አያት።

አዋጅ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ ጠበቀች። ሕጉ ላይ የምትጨምረው አልነበራትም።