ከግንቡ እስከ በርሜሉ

ደራርቱ ዋቅጅራን እንደወሰድኳት እንደምመልሳት ለአባቷ ቃል የገባሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ ለሆነው ሁሉ ተጠያቂው እኔ ነኝ።

ጊዜው ሐምሌ 1980 ዓ.ም. ነው። ዚምባብዌ ገጠር ያለች አንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ባለ ሁለት ክፍል ክሊኒክ የሚሠሩላት ሰዎች ፈለገች፤ የመካኒሳዋ ቤተ ክርስቲያናችን ሦስት ሰው ለአርባ ቀን ላከች። ከአገር የመውጫ ፈቃድ ማመልከቻችን «ለወንጌል አገልግሎት» ይል ነበር። ፈቃዱ ሲመጣ «ለጭቁን ወንድም ሕዝብ አጋርነት» ይላል። አልተከራከርንም። ጡቡ ያው ጡብ ነው።

ዱጉማ የጎፋ ግንበኛ ነው። ደራርቱ ድሬሰር ናት። እኔ ደግሞ በዕድሜዬ መሪ ተባልኩ።

አባቷ አቶ ዋቅጅራ፣ የላፍቶ ገበሬ፣ በመሄጃችን ጠዋት በሩ ላይ ቆሞ አላሳልፍ አለ።

«አርባ ቀን? ከጎረምሳ ጋር?»

«አንድ ቃል አይነጋገሩም» አልኩት። «የሚፈልጉትን በእኔ በኩል ይባባላሉ።»

«በእግዚአብሔር ፊት?»

«በእግዚአብሔር ፊት።»

መኪናው ደጅ ቆሞ ጡሩምባ ይነፋ ነበር። ቸኩዬ ነው።

ቦሌ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ተያዩ። ዱጉማ እጁን ሊዘረጋ ሲል መሃላቸው ገባሁ። ቃሌን ነገርኳቸው። ዱጉማ ሻንጣውን መሬት አስቀምጦ፣ «እንግዲያው ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ በሏት» አለ። አልኳት። አንገቷን ደፋች። አንገቷን ደፍታ ግን ስታየው አይቻለሁ።

እዚያ አገር ሐምሌ ደረቅ ነው። ጠዋት ደራርቱ ሕመምተኛ ታያለች፤ ከሰዓት በኋላ ለሲሚንቶው ውሃ ትቀዳለች። ከግንቡ እስከ ውሃው በርሜል አሥር እርምጃ ነው። ቆጥሬዋለሁ።

«ጋሼ፣ ውሃ ትጨምር በሏት።»

አሥር እርምጃ። «ውሃ ጨምሪ ይላል።»

«በመጀመሪያ የተላጠ እጁን ያሳየኝ በሉት።»

አሥር እርምጃ።

በሦስተኛው ቀን የአገሩ ፓስተር ጠጋ ብለው በእንግሊዝኛ ጠየቁኝ። እንግሊዝኛዬ ትንሽ ናት፤ ይህ ግን ገባኝ። በእናንተ አገር የወንድና የሴት ቋንቋ ለየብቻ ነው ወይ? ነው ያሉት።

«የስ» አልኩ። እውነቱን ለማስረዳት ቃል አልነበረኝም። ንስሐ ገብቼበታለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የመንደሩ ሴቶች አዝነውልኝ በግንቡና በበርሜሉ መካከል በርጩማ አስቀመጡልኝ።

በሁለተኛው ሳምንት ወሬው ተቀየረ።

«ጋሼ፣ ሻሿ አምሮባታል በሏት።»

«ይሄ ለግንቡ ምን ያደርጋል?»

«ግንበኛ ደስ ሲለው ግንቡ አይጣመምም።»

ምን ላድርግ? በእኔ በኩል ይባባላሉ ብያለሁ። ምን ምን እንደሚባባሉ አልገደብኩም። ወሰድኩት።

ደራርቱ ባልዲውን አስቀመጠች። ሻሿን በእጇ ነካ አደረገች። «ከማክሰኞ ጀምሮ አስሬዋለሁ፤ ዛሬ ነው ወይ የታየው? በሉት» አለች።

በበርሜሉ በኩል ባለው ግድግዳ ላይ መስኮት ብቅ አለ።

«ይሄ መስኮት ፕላኑ ላይ አለ?» አልኩት ዱጉማን።

«ለአየር ነው፣ ጋሼ።»

በሠላሳ ዘጠነኛው ቀን ጣሪያው ተመታ። ዱጉማ መዶሻውን አስቀምጦ፣ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ መጣ። «ጋሼ፣ ላገባት እፈልጋለሁ በሏት።»

አምስት እርምጃ ሄጄ በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ። «ይህን አልወስድም። ለአባቷ ቃል አለብኝ።»

«ያምጡት እንጂ፣ ጋሼ!» አለች ደራርቱ ከበርሜሉ ጋ። «ከበደዎት?»

«ትሰሚያለሽ እንዴ?»

«አሥር እርምጃ እኮ ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እሰማለሁ።»

«ታዲያ ለምን አመላለስሽኝ?»

«ከእርስዎ አፍ ሲወጣ ቁም ነገር ይመስላል» አለች። ከዚያ ሳቋን ዋጠች፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። «እሺ ብላለች በሉት። አባቴ እንቢ ካለ ግን የለሁበትም። አባቴን የሚጠይቁትም እርስዎ ነዎት።»

በመስከረም፣ የላፍቶ ጭቃ ሳይደርቅ፣ ከቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ማሞንና እንግዳን አስከትዬ ሽማግሌ ሆኜ ሄድኩ። ዋቅጅራ ተቀመጡ አለን። ጉዳያችን ሳያልቅ አንቀመጥም አልን። የመጣንበትን ነገርኩት።

ፊቱ ጠቆረ። «ተነጋገሩ?»

«አንድ ቃል አልተነጋገሩም።»

«ታዲያ በምን ተዋደዱ?»

«በእኔ በኩል።»

ዋቅጅራ ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ።

«ስለዚህ ልጄን ያጨሃት አንተ ነህ!»

ማሞ ሳቁን በሳል ሸፈነ። እኔ አልሳቅኩም። «ቃሌን ጠብቄያለሁ፣ ዋቅጅራ። የጠበቅኩት ቃል ነው እዚህ ያደረሰን።»

ዋቅጅራ ልጅቷ ወዳለችበት ጓዳ አየ። በሩ ትንሽ ገርበብ ብሏል።

«የልጅ አባት በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም» አለ። «ለሳምንት ተመለሱ። ከዚያም እናያለን። መመላለስ አለባችሁ።»

«አርባ ቀን ሙሉ ተመላልሻለሁ እኮ። ከግንብ እስከ በርሜል።»

«በቀን ስንት ጊዜ?»

«ሠላሳ።»

«አርባም ይደርሳል፣ አባባ!» አለች ደራርቱ ከጓዳ።

ዋቅጅራ ከንፈሩን ነከሰ። እግሬን አየ። ጫማዬን አየ። የተበላ ሶል ነው።

«ተቀመጡ» አለ።

ተቀመጥን።

በጥር ተጋቡ። ዛሬም ሲኳረፉ እኔ ቤት ይመጣሉ፤ እሱ በሩ ጋ፣ እሷ መስኮቱ ጋ ይቀመጣሉ። ባለፈው እሑድ እንደዚያው መጡ። ዱጉማ ኮፍያውን እያሻሸ፣ «ጋሼ፣ አጥፍቻለሁ፣ እወዳታለሁም በሏት» አለ።

«ጉልበቴ አልችል ብሏል። ራስህ ንገራት።»

«አይሆንም» አለች እሷ ወደ ውጭ እያየች። «እርስዎ ይንገሩኝ።»

ከዘራዬን ይዤ ተነሣሁ። ከበሩ እስከ መስኮቱ አራት እርምጃ ነው።

«እወዳታለሁ ይላል» አልኳት።

«ሰምቻለሁ» አለች።