የረጋ ተልባ

ምንዋጋው መደቡ ላይ እንደተኮማተረ ሞቶ ቀርቷል። አጠገቡ በተልባ እስከ ግማሽ የሞላ ጠርሙስ ቆሟል። የፖሊስ ሃምሳ አለቃ ጓንጉል ከሰቆጣ ሲደርስ የሟች ወንድም ደሞዝ ጠመንጃውን አጉርሶ ደጁን ይዞ ነበር።

«ተልባውን የበጠበጠችው ሚስቱ ናት! ሲደበድባት ኖሮ ቂም ይዛበታለች። ደሙን እመልሳለሁ!»

ሚስቱ ይታየሽ ግድግዳው ላይ ተለጥፋለች። ጓንጉል ቸኩሎ የሚፈርድ ሰው አይወድም፤ ደሞዝን ገላመጠውና ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አነሣ። ለጅብ መግደያ የሚያኖሩት መርዝ ግራጫ ቅንጣቶች በተልባው ውስጥ ከላይ እስከ ታች ተንጠልጥለዋል።

«መቼ በጠበጥሽው?»

«ጎሕ ሲቀድ፣ ደሞዝ እያየኝ። አብረን ወጣን፤ እሱ ወደ ገበያ፣ እኔ ወደ ቤተ ክርስቲያን። ከቅዳሴ ስመለስ ሞቶ አገኘሁት።»

ደሞዝ ሳይወድ ራሱን ነቀነቀ። አባ ገብረ ሊባኖስም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከቅዳሴ እንዳልወጣች መሰከሩ።

«ቀን ማን ገባ?»

«ማንም አልገባም» አለች ጎረቤቷ ጥሩሐረግ። «እማማ አመተ ማርያም ብቻ ቆሎ ይዘው መጥተው ነበር። እሳቸውማ ታርቀዋል።»

ምንዋጋው የአሮጊቷን አንድ ልጅ ከገደለ አራት ዓመቱ ነው። ሽማግሌዎች አስታርቀው መስቀል አስመዋቸዋል፤ መስቀል የሳመን ሰው መጠርጠር በዚያ አገር ነውር ነው።

«እስከ ነገ ቀትር ታገሠኝ» አለ ጓንጉል።

«ከቀትር በኋላ ግን አይለምኑኝ» አለ ደሞዝ።

በማግሥቱ ሁሉም በተሰበሰቡበት ጓንጉል ሁለት ጠርሙስ ተልባ አቆመ።

«ውሃና ዘይት ቢነቀንቋቸውም ቢተዉዋቸውም ጠባያቸው ያው ነው። ተልባ ግን ሲያርፍ ይረጋል፤ ሲነቀንቁት ይቀጥናል፤ ሲተዉት ወዲያው መልሶ ይረጋል። በዚህኛው ገና ሲበጠበጥ፣ ቀጭን ሳለ የድንጋይ ዱቄት ጨመርሁ። ዘቀጠ። በዚያኛው ከረጋ በኋላ ጨምሬ ነቀነቅሁት። ተንጠልጥሎ ቀረ።»

«ወንድሜ ሊጠጣ ሲል ነቅንቆት ቢሆንስ?»

ጓንጉል የመጀመሪያውን ጠርሙስ ደጋግሞ ነቀነቀ። ዱቄቱ ከሥር ተጣብቆ አልለቀቀም።

«የሟቹ ጠርሙስ ሥሩ ንጹሕ ነው። መርዙ የተጨመረው ከረጋ በኋላ፣ ይታየሽ ቅዳሴ ላይ ሳለች ነው። ቀን የገባ ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው። እማማ፣ እርስዎ ነዎት።»

ይታየሽ መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። አሮጊቷ ግን ዓይናቸው እንኳ አልራሰም።

«የታረቃችሁት እናንተ ናችሁ። እኔ የሳምሁት በከንፈሬ ብቻ ነው፤ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። አራት ዓመት ሙሉ በደጄ እየሳቀ ሲያልፍ አይቼዋለሁ። እሰይ! ምንም አይቆጨኝም።»

ደሞዝ አፈሙዙን ወደ እሳቸው አዞረ። ጓንጉል ሳይደርስበት አሮጊቷ ነጠላቸውን ከደረታቸው ገልጠው ቀረቡት።

«ተኩስ፣ ልጄ። ወንድሞቼ ደግሞ አንተን ይገድሉሃል። ከዚያ ሽማግሌዎች እናትህንም እንደ እኔ መስቀል አስመው ያስታርቋታል።»